እሳት አይንካው የተባለው አምባር

ሥራ ያቆምኩት ትንፋሼ ስላጠረ ነው። ዓይኔ በመነጽር ይሠራ ነበር፤ እጄም እስከ ቀትር ድረስ ይታዘዘኝ ነበር። ብር የሚበየደው ግን በትንፋሽ ነው። ቀጭኗን የነሐስ ቧንቧ አፌ ላይ ይዤ ነበልባሉን ሳላቋርጥ መንፋት ሲያቅተኝ፣ ዘንድሮ ክረምቱ እንደወጣ መሣሪያዬን ሰብስቤ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። ባለቤቴ ላሊሞ በሩ ላይ ቆሞ ያየኝ ነበር። «ጎሽ፣ እንግዲህ ሁለታችንም ሥራ ፈት ሆንን» አለኝ። ከዚያ በኋላ የኖረው አምስት ወር ብቻ ነው።

ይህን ለመጻፍ የተነሳሁት በቀብሩ ማግስት በሰማሁት ነገር ነው። ድንኳኑ ውስጥ በሴቶቹ በኩል ተቀምጬ ሳለሁ፣ ከሸራው ማዶ አንድ ወጣት «ሟቹ የትኛው ላሊሞ ናቸው?» ብሎ ጠየቀ። አንድ ሽማግሌ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መለሱለት።

«ያ እንኳ፣ ብረት ቀጥቃጩ። የሞተች ሕፃን አምባር ያቀለጠው።»

በሶዶ ዙሪያ የላሊሞን ዶማ ያልያዘ ገበሬ ጥቂት ነው። ማጭዱ እስከ ገሱባ ይፈለግ ነበር። በቤተ ክርስቲያን የተሰበረ ወንበር ሁሉ በእጁ አልፏል። ይህን ሁሉ ዘመን ሠርቶ ሠርቶ፣ ሲሞት ስሙ የተጠራው በዚያች አምባር ነው።

አምባሯ የቀለጠችው በእኔ ጥፋት ነው። ይህን የምናውቅ ሁለት ሰዎች ነበርን፤ አሁን እኔ ብቻ ቀረሁ። ስለዚህ ቀስ እያልኩ፣ በቀን አንድ ገጽም ግማሽ ገጽም እየሆነ፣ ከመጀመሪያው እጽፈዋለሁ።

የተወለድኩት አረካ አጠገብ ነው። አባቴ ወንጌላዊ ነበር። ስድስተኛ ክፍል ስጨርስ አስታማሚነት እንድማር ሶዶ ላከኝ፤ «ዕድሜዋ ገና ነው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ትምጣ» ተባለ። አባቴ ሁለት ዓመት ቤት ከምትቀመጥ ብሎ እህቱ ዘንድ፣ አክስቴ ዮዲት ጋ ተወኝ። የአክስቴ ግቢና የብር ሠሪው የጋሼ ዘርጋ ግቢ በአንድ አጥር ነበር የሚለያዩት። ዘመኑ የንጉሡ ነው፤ ሶዶም ያኔ ከአንዱ ዳር ቆመው ቢጣሩ ሌላው ዳር የምትሰማ ከተማ ነበረች።

ጋሼ ዘርጋ ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው የመጡ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ማንበብ አይችሉም። አንድ ቀን በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ብቅ አድርገው ጠሩኝ።

«አንቺ ልጅ! ፊደል ታውቂያለሽ አሉ።»

«አዎ፣ አውቃለሁ።»

«ከወንድሜ ደብዳቤ መጥቶልኛል። ነይና አንብቢልኝ። ክፉ ነገር ካለበት ግን በመጀመሪያ ለራስሽ አንብቢውና ውሃ አጠጪኝ።»

ክፉ ነገር አልነበረበትም፤ አንዲት ላም ወልዳለች ይላል። እኔ ግን አንብቤ እንደጨረስኩ አልወጣሁም። ጉልበታቸው ላይ በተዘረጋው የበግ ለምድ ላይ የፀጉር ያህል የቀጠነ የብር ክር ተጠቅልሎ ነበር። ሁለት ክር አንድ ላይ ገምደው፣ ጠፍጥፈው፣ በጉጠት ጫፍ እንደ ቀንድ አውጣ ይጠቀልሉታል። እንደዚያ ያለ ነገር በሰው እጅ ይሠራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። በማግስቱ የማነበው ደብዳቤ ሳይኖር ሄድኩ። በሦስተኛው ቀንም ሄድኩ። በአራተኛው ቀን መጥረጊያ ሰጡኝ።

ትምህርቴ የተጀመረው በመጥረግ ነው። የብር ሠሪ ቤት ጥራጊ አይጣልም። ብናኝ ብር አለበት፤ በማድጋ ተጠራቅሞ በወር አንዴ በውሃ ይታጠባል። ቀጥሎ ከሰል መምረጥ ተማርኩ። የግራር ከሰል ለማቅለጥ ነው፤ የሚፈነጥቀው ተለቅሞ ይወጣል፤ ምክንያቱም አንዲት ፍንጣሪ የሳምንት ሥራ ታበላሻለች። ከዚያ በኋላ ሞረድ ያዝኩ፤ ብር ሳይሆን የጥይት ቀለህ ስሞርድ ሦስት ወር ቆየሁ። ጣቶቼ ተላጡ። አፍንጫዬ ከጥቀርሻ አይነጻም ነበር። ብር ለማሠራት የሚመጡ ሴቶች እያዩ ይስቁብኝ ነበር።

«ይቺን ጥቁር አፍንጫ ማን ያገባታል?» አለች አንዲት ነጋዴ።

«የሚያገባትማ አይጠፋም» አሉ ጋሼ፣ ከሥራቸው ቀና ሳይሉ። «ሲስማት ነው ከንፈሩ የሚጠቁረው።»

ከሁሉ የከበደኝ መንፋት ነበር። በቧንቧው የምትነፊው በሳንባ አይደለም፤ በጉንጭ ነው። ጉንጭ ተነፍቶ አየር ሲያወጣ አፍንጫ በዚያው ቅጽበት ያስገባል፤ ነበልባሉ ለአፍታ እንኳ ማቋረጥ የለበትም። አክስቴ ቤት አንድ ብርጭቆ ውሃ አስቀምጬ በገለባ እየነፋሁ እለማመድ ነበር። አረፋው ሳይቋረጥ እስከ መቶ መቁጠር ነው። አክስቴ «ይቺ ልጅ አበደች፣ ውሃ ታስተምራለች» ትል ነበር።

አባቴ ከአረካ መጥቶ ሲሰማ አልተቆጣም፤ ደስም አላለውም። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ያመነች ሴት ጌጥ ታወልቃለች እንጂ አታደርግም ነበር። ብዙ አሰበ። በመጨረሻ «ለቤተ መቅደስም ወርቅና ብር የሠሩ ሰዎች ነበሩ» አለ። «ተማሪው፤ አስታማሚነቱ እስኪደርስ። ግን አንዲት ነገር አንገትሽ ላይ እንዳላይ። አንዲት ጥፋት ከሰማሁ ደግሞ በዚያው ቀን ወደ ቤት ነሽ።» ወደ ቤት ማለት ምን ማለት እንደሆነ አውቅ ነበር። የአንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ልጅ ሊያገባኝ እየጠበቀ ነበር።

ላሊሞን ያገኘሁት እዚያው ነው። ከእኔ ሁለት ዓመት ይበልጣል። ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ከብረት ቀጥቃጭ ቤተሰብ የመጣ ነው፤ በወላይትኛ ዎጋቼ ይሏቸዋል። ያን ጊዜ ከዎጋቼ ጋር ከአንድ ዕቃ የሚበላ፣ ከዎጋቼም የሚጋባ አልነበረም። ዶማቸውን ይፈልጉታል፤ እጃቸውን ግን አይነኩም። ላሊሞ ውሃ የሚጠጣበትን ቅል ከቤቱ ይዞ ይመጣ ነበር፤ ምሳውን፣ ቦይና የሚሉትን የተቀቀለ ጎደሬ፣ በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ ያመጣና ወናፉ አጠገብ ጀርባውን ሰጥቶ ይበላል። አክስቴ «ሥራ አብረሽው ሥሪ፤ ቅሉን እንዳትነኪ» ብላኛለች። አልነካሁም። አባቴ በየሳምንቱ ሰው ሁሉ በጌታ አንድ ነው ብሎ ይሰብክ ነበር፤ እሱም ላሊሞን ሲያይ ሰላም የሚለው ከርቀት ነው።

ጋሼ ግን ላሊሞን ያመጡት ለእሳቱ ነው። «ይሄ ልጅ እሳት ይሰማል» ይሉ ነበር። እውነት ነው። ዓይኑን ጨፍኖ፣ በወናፉ ድምፅ ብቻ፣ ብሩ ሊቀልጥ ምን ያህል እንደቀረው ይናገራል። ጋሼ ማቅለጡን በአንድ ዓመት ውስጥ ለእሱ ተዉለት። በሚቀጥለው ዓመት ክር መጠቅለል ሊያስተምሩት ነበር። ላሊሞ ስለዚያ ብዙ አያወራም፤ ነገር ግን ዕረፍት ባገኘ ቁጥር የሣር ክር በጣቶቹ ሲጠቀልል አየው ነበር።

ስለ ጋሼ ዘርጋ ልማድ ልጻፍ፤ ነገሩ ሁሉ የሚያያዘው ከእሱ ጋር ነው። የሰው ብር ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠቡና መዳፋቸውን ገልብጠው ለባለቤቱ ያሳያሉ። ከዚያ ባለቤቱን ፊት ለፊት ያስቀምጡታል። ባለቤቱ ሳያይ ብር እሳት ውስጥ አይገባም፤ ቢመሽም ይጠብቃል እንጂ ብሩን ትቶ አይሄድም። ይህ የእሳቸው ብቻ ሳይሆን የሥራው ልማድ ነበር። ሰው ብር ሠሪን የሚያምነው ስላየው ነው። ምስጋና አያውቁም። ሥራ ስናሳያቸው ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ያዩና «ይሄ ይሳደባል» ይላሉ። ሠሪውን ይሳደባል ማለታቸው ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራዬ ሁሉ ሲሳደብ ኖረ።

ልማዱን ያስፈረስኳቸው እኔ ነኝ። በገበያ ቀን ከገሱባ፣ ከቦዲቲ የሚመጣ ሰው ደጃፉን ሞልቶ ሲጠብቅ፣ ልጅ የተሸከመች ሴት ፀሐይ ላይ ስትውል አያለሁ። ፊደል የቆጠርኩ ነኝና መላ አመጣሁ።

«ጋሼ፣ የእያንዳንዱን ስምና አገር፣ የሚሠራውንም በወረቀት ልጻፍ። ከብሩ ጋር ይታሰር። ሰው ሥራውን ጨርሶ በሌላ ገበያ ይመጣል።»

«ወረቀት ያያል እንዴ?» አሉ።

«ይናገራል።»

«አንቺ ካናገርሽው ነዋ።»

ወራት አሰቡበት። በመጨረሻ በአንድ ሁኔታ ተስማሙ፤ ማንኛውም ብር እሳት ከመግባቱ በፊት እኔ ወረቀቱን ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ እሳቸውና ላሊሞ ይሰማሉ፣ ሦስታችንም ብሩን እናያለን። ጥሩ ሆነ። ደጃፉ ቀለለ። እኔም ኮራሁ። እንዲያውም ሰዉ ብሩን የሚያመጣበት ጨርቅ የቆሸሸ ነው ብዬ፣ የአክስቴን አሮጌ አንሶላ ቀድጄ ሁሉንም በአንድ ዓይነት ነጭ ጨርቅ መጠቅለል ጀመርኩ። ያማረ ነበር፤ መደርደሪያው ላይ ሁሉም እኩል ሆኖ ሲታይ።

በመስከረም መጀመሪያ፣ በዓሉም ሠርጉም በተቃረበበት ጊዜ፣ አንዲት ሴት ከገሱባ መጣች። አማርኛ አትችልም፤ ጋሼም የሚያውቁት ወላይትኛ ለገበያ የሚበቃ ያህል ነው፤ ስለዚህ የማስተረጉመው እኔ ነበርኩ። ላሊሞ ከሰል ሊያመጣ ሄዷል። ሴትየዋ ከነጠላዋ ጫፍ አንዲት ቀጭን፣ የጠቆረች የልጅ አምባር ፈታች። ስሟን ስጠይቃት «የብዙነሽ እናት በይ» አለችኝ። ብዙነሽ ትልቋ ልጇ ነበረች፤ በስምንት ዓመቷ በክረምቱ በበሽታ ሞታለች። አምባሯን ለታናሽ እህቷ ለአበበች ልታደርግላት ነው። እንዲጠረግና አፉ ትንሽ እንዲከፈት ብቻ ነው የምትፈልገው።

ጣቴን ይዛ የአምባሯን ጠርዝ አስዳሰሰችኝ። ጥቃቅን ጎድጓዳዎች አሉ።

«ጥርሷ ነው» አለች። «ስታስብ ትነክሰው ነበር። መዝሙር ስታጠና፣ ስትቆጣም። አንቺ ልጅ አትንከሺው እላት ነበር።»

ለጋሼ ተረጎምኩላቸው። አምባሯን ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ዳሰሷት። «በእንዶድና በሎሚ ይጠረጋል። አፉን በእጄ እከፍተዋለሁ። እሳት አያይም፣ በያት» አሉ። እኔም ወረቀቱ ላይ ጻፍኩ፦ የብዙነሽ እናት፣ ገሱባ፤ ይጠረግ፣ አፉ ይከፈት፤ እሳት አይንካው።

ከሦስት ቀን በኋላ ጋሼ ለቀብር አረካ ሄዱ። ከመሄዳቸው በፊት አንድ የቦዲቲ ነጋዴ ያመጣቸውን የተሰባበሩ አምባሮች፣ እኔ ወረቀቱን እያነበብኩለት፣ ላሊሞ እንዲያቀልጣቸው አዘዙ። ለእኔ ደግሞ ያን ቀን የመጀመሪያዬን የብር ክር ሰጡኝ። ቀለህ አይደለም፣ መዳብ አይደለም፤ ብር። ጉትቻ ልሠራበት ነው።

ያን ክር በያዝኩ ጊዜ የተሰማኝን አሁንም ጣቴ ላይ አውቀዋለሁ። ሦስተኛውን ዙር እየጠቀለልኩ ነበር። ትንፋሼን ይዣለሁ። ላሊሞ ከመደርደሪያው አንድ ጥቅል አንስቶ መጣ።

«ማርታ፣ ይሄ ምን ይላል?»

«የቦዲቲው ነው። ይቅለጥ።» ቀና አላልኩም።

«አንብቢልኝ እንጂ።»

«አልኩህ እኮ ላሊሞ! እኔ አይደለሁም የጻፍኩት?»

ጨርቁን ሲፈታ ሰማሁት። ትንሽ ቆየና «አንዲት ብቻ ናት፤ ብዙ አልነበሩም እንዴ?» አለ።

«የቀረው ሌላ ጥቅል ይሆናል። ተወኝ፣ ክሩ ይፈታብኛል።»

ሄደ። ወናፉ መተንፈስ ጀመረ። እኔ ሦስተኛውን ዙር ጨረስኩ፤ አራተኛውንም። በጣም ያምር ነበር።

አንገቴን ላፍታታ ስነሳ መደርደሪያው ላይ ሁለት ጥቅሎች አየሁ። አንደኛውን አነሳሁት፤ ከበደኝ። ወረቀቱን አነበብኩት። ቦዲቲ ይላል። ሁለተኛውንም አነበብኩት፤ እሱም የቦዲቲው ነው። ወደ እሳቱ ሮጥኩ። ብር ሲቀልጥ መጀመሪያ ይጨልማል፤ ከዚያ እንደ ዓይን ይከፈትና ያይሻል። ላሊሞ ያን የተከፈተ ዓይን በብረት ማፍሰሻው ላይ እያፈሰሰው ነበር። ወረቀቱ እግሩ ሥር ወድቋል። አንስቼ አነበብኩለት። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ከሰሉ አመደ። ከዚያ ላሊሞ «ያቀለጠው እጄ ነው» አለ።

«እኔ እኮ ነኝ...»

«ሳላስነብብ አቀለጥኩት እላለሁ። አንቺን ካባረሩሽ አባትሽ ይወስዱሻል። እኔን ቢያባርሩኝ ብረት አለኝ። አንቺ ምን አለሽ?»

ዝም አልኩ። ብዙ ዘመን ለራሴ «እሱ ነው ዝም በይ ያለኝ» ስል ኖሬአለሁ። አሁን ግን መጻፍ ያለብኝን ልጻፍ፤ እሱ ምንም ባይለኝም ዝም እል ነበር። ያ አራት ዙር የብር ክር ለምዱ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ እሱን ትቼ መሄድ አልፈለግሁም። ደግሞም አውቅ ነበር፤ የዎጋቼ ልጅ አጠፋ ቢባል የሚጠራጠር አንድ ሰው አይኖርም።

ጋሼ ሲመለሱ ላሊሞ ነገራቸው። አልጮኹም። ወደ እኔ አዩ፤ እኔ መሬት አየሁ።

በገበያ ቀን የብዙነሽ እናት አበበችን አስከትላ መጣች። ልጅቱ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ገና ከደጃፉ እንደገባች እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ዘረጋች፤ መንገድ ላይ ሲነገራት መጥቷል። ጋሼ ተነሱ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ መዳፋቸውን ገልብጠው ለእናትየዋ አሳዩ። ከዚያ አንዲት የጣት ያህል የብር ድብልብል መዳፋቸው ላይ አድርገው አቀረቡላት።

ሴትየዋ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ድብልብሉን አንስታ ዙሪያውን በጣቷ ዳሰሰች። ገልብጣ እንደገና ዳሰሰች።

«ብሩስ ብር ነው» አለች በወላይትኛ። «ጥርሷ የት ገባ?»

ጋሼ ከራሳቸው ብር ሁለት አምባር እሠራለሁ አሉ። እንቢ አለች። ከዚሁ ብር እንደነበረው አድርጌ እሠራዋለሁ አሉ። ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ «ማን ነው?» ብላ ጠየቀች።

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። «ንገሪያት። ላሊሞ ነው፤ ሳያስነብብ ነው ያቀለጠው በያት።»

ላሊሞ ወናፉ አጠገብ ቆሟል። ወላይትኛ የአፍ መፍቻው ነው፤ እኔ የምለውን ቃል ሁሉ ይሰማል። ነገርኳት። በእናቴ ቋንቋ፣ በገዛ አፌ፣ «ላሊሞ ነው ያቀለጠው» አልኳት። አልተንተባተብኩም።

«የማን ልጅ ነህ?» አለችው።

የአባቱን ስም ነገራት።

«የዎጋቼ ልጅ ነህ» አለች። «እሳት ያሳደገህ ምን ትራራለህ።»

ድብልብሉን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወጣች። አበበች ክንዷን እንደዘረጋች ነበር፤ እናቷ ጎትታ ወሰደቻት።

ጋሼ ላሊሞን አልሰደቡትም። «ከእንግዲህ ብር አትንካ» ብቻ አሉት። ቅሉን ይዞ ሄደ። በማግስቱ ስገባ ወናፉን የሚነፋ ሌላ ሰው ተቀምጧል። ወረቀቱም ቀረ፤ ሰው እንደ ቀድሞው ብሩ ፊት መቀመጥ ጀመረ። እኔ ጉትቻውን ጨረስኩ። ጋሼ ወደ ብርሃን አዙረው አዩትና «ይሄ አይሳደብም» አሉ። ከእሳቸው የሰማሁት ትልቁ ምስጋና ነው። ያን ቀን ወደ ቤት ስሄድ በሌላ መንገድ ዞርኩ፤ የላሊሞ ቤተሰብ ብረት የሚሸጡበት ጥግ እንዳያጋጥመኝ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የሥራ ዘመኔ እንደ ሌላው ሰው ነው። አስታማሚነቱ ቀረ። በጋሼ ቤት ብዙ ዓመት ሠራሁ፤ ከዚያ በእደ ጥበብ ማኅበር፤ ከዚያ ሴቶችን አስተማርኩ። አለቆች ተለዋወጡ፤ ደመወዙ የሚወራለት አልነበረም። ተማሪዎቼን ከሁሉ በፊት መዳፍ ማሳየት አስተምራቸው ነበር። ለምን ሲሉኝ የመምህሬ ልማድ ነው እላቸዋለሁ።

ጋሼ ሊሞቱ ሰሞን ልጠይቃቸው ገባሁ። ከሲታ ሆነው ተኝተዋል። እጄን ያዙና «ማርታ፣ ያን ቀን ወረቀቱ የት ነበር?» አሉኝ።

ምንም ሳያብራሩ ነው የጠየቁኝ። የትኛውን ቀን እንደሆነ ግን ሁለታችንም እናውቃለን።

«አላስታውስም ጋሼ» አልኳቸው።

«እሺ» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ላሊሞን ያገባሁት ከዚያ በፊት ነው። ከአምባሯ ነገር ወዲህ ዓመታት አልፈው፣ የሽማግሌው ልጅ ሌላ አግብቶ፣ አንድ ቀን የጉጠቴ ምስማር ወልቆ ብረት ወደሚቀጠቅጥበት ሄድኩ። ሠራልኝ። ውሃ ጠማኝ አልኩት። ሌላ ዕቃ ፍለጋ ዞር ሲል ቅሉን ራሴ አንስቼ ጠጣሁ። አየኝ። አባቴ ለሠርጉ አልመጣም። የመጀመሪያ ልጃችን ሲወለድ መጣ፤ ምግብ ግን የቀመሰው በሦስተኛው ልጅ ነው።

አርባ ዓመት በአንድ ግቢ ውስጥ እሱ ብረቱን፣ እኔ ብሬን ሠራን። መሣሪያዬን ሁሉ የሚስልልኝ እሱ ነበር። የተከፈተ ብር ጠረጴዛ ላይ ካለ ግን እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ነው የሚያየው። አንድ ጊዜ፣ ልጆቹ ካደጉ በኋላ፣ «ለሰው ልናገር ላሊሞ» አልኩት።

«ምን?»

«ታውቀዋለህ።»

ማጭድ እየሞረደ ነበር፤ አላቆመም። «አሁን ቢነገር ጥርሷ ይመለሳል?» አለ።

ያ መልስ ተመቸኝ። ደግሜ አልጠየቅሁትም። የእሱ ስም ግን ከጥርሷ ምልክት ጋር አልቀለጠም ነበርና ሊመለስ ይችል ነበር። ይህን ያሰብኩት ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ፣ ከሸራው ማዶ ያን ድምፅ ስሰማ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት አንዲት ሴት ልታለቅስ መጣች። በዕድሜ የገፋች፣ አቧራ የለበሰች ነች። ተቀምጣ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ ብላ፣ ከነጠላዋ ጫፍ አንድ ነገር ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። የጣት ያህል የብር ድብልብል ነው። ጠቁሯል።

«አበበች ነኝ» አለች።

እናቷ አምና ሞተዋል። ሊሞቱ ሲሉ «ቂም ከበደኝ። ላሊሞን ፈልጊው፤ እሱ ያቀለጠውን እሱ ይሥራልሽ» ብለዋት ኖሯል። እርሻው፣ ክረምቱ ይዟት ቆየች። ሶዶ መኪና ተራ ወርዳ ቤቱን ስትጠይቅ ነው ሞቱን የሰማችው።

«አንቺም ብር ሠሪ ነሽ አሉኝ» አለች። «እንግዲህ አንቺ ሥሪልኝ።»

ያኔ ለእናቷ በተናገርኩበት ቋንቋ ነገርኳት። «ላሊሞ አይደለም። እኔ ነኝ። አንብቢልኝ ብሎኝ ነበር፤ አላነበብኩለትም።»

ድብልብሉን አየችው። ጎረቤቶች ገብተው ወጡ።

«እሱ ያውቅ ነበር?» አለች በመጨረሻ።

«ያውቅ ነበር።»

«ባልሽ ሆኖ?»

«አርባ ዓመት።»

«እናቴ ከእሱ ዶማ አልገዛም ብላ ሶዶን አልፋ እስከ ቦዲቲ ትሄድ ነበር» አለች። «በእግሯ። እኔም አብሬአት እሄድ ነበር።»

ብሩን ትታልኝ ትሄዳለች ብዬ ሳስብ አነሳችውና መልሳ ቋጠረችው።

«ይሄ ከዓይኔ አይለይም» አለች። ከዚያ ተነሳች። «ፊደል ታውቂያለሽ አይደል? በለቅሶው ላይ ያልተናገርሽውን ጻፊው። ሰው ይስማው። ሲያልቅ ላኪብኝ፣ ከልጄ ጋር እመጣለሁ፤ እሷ ታነብልኛለች። ብሩ ምን እንደሚሆን ያኔ እነግርሻለሁ።»

ከቀብሩ ማግስት ጀምሬው ነበር፤ እነሆ ጨረስኩት። ዛሬ ወደ ገሱባ ሰው ላክሁ። በሚመጣው የገበያ ቀን እዚሁ ደጃፌ ላይ ይሰበሰባሉ፤ አበበችና ልጇ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ ያ ከሸራው ማዶ የነበሩት ሽማግሌም ከመጡ። ወረቀቱን ግን ለልጇ አልሰጥም። ትንፋሼ ቢያጥርም እያረፍኩ፣ ጮክ ብዬ፣ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ራሴ አነበዋለሁ። ላሊሞ ያን ቀን የለመነኝ ይህንኑ ብቻ ነበር።